እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከበረንዳው አልነሳ አለ፤ ምን ይሻላል?

የጉለሌዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። እናቴ መስከረም መጨረሻ ላይ አረፈች። አባቴ 81 ዓመቱ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል።

እስከ አርባዋ ድረስ ቤታችን ሰው አልተለየውም። ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ ከዚያ ተዝካሩ። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል። የእድር ሰዎች ፍራሹ ላይ ከአባቴ ጋር ቁጭ ብለው ያመሻሉ። አባቴም ያለቅሳል፣ ያወራል፣ ትንሽም ቢሆን ይቀምሳል። እኛም «አባዬ ጎበዝ ነው፣ ተጽናንቷል» አልን። ከአርባው ማግስት ግን ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። አባቴ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ጠዋት ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። እስኪመሽ እዚያው ነው። ሬዲዮ አይከፍትም። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቷል። ምግብ ሲቀርብለት «ጾም ነኝ» ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀርብለት ደግሞ «በቃኝ» ነው። ሌሊት እናቴን ያናግራታል። ባለፈው «የውጭውን በር ዘጋሽው?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቼ ደነገጥኩ።

ቤተሰቡ ደግሞ አልተስማማም። አሜሪካ ያለችው እህቴ «ወደ እኔ ይምጣ» ትላለች። ወንድሜ «ቤቱን አከራይተን እኔ ጋ ይግባ» ይላል። አክስቶቼ «ልብሷን ከፊቱ አንሱለት፣ እሱ ነው የሚያሳምመው» ይላሉ። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር ሐ.

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ። ነርስ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ የሠራሁት ከአረጋውያን ጋር ነው። ስለ አሜሪካና ስለ ቤቱ ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ።

መጀመሪያ ጾሙን። ያዘነ ሽማግሌ «ጾም ነኝ» ሲል ማንም አይከራከረውም። ስለዚህ አለመብላቱ ከጾሙ ጀርባ ይደበቃል። ቀበቷቸውን እዪው፤ ወደ ውስጥ ስንት ቀዳዳ ገብቷል? የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸው ላይ ሰፍቷል? ሚዛን ካገኘሽ በየሳምንቱ መዝኚያቸውና ጻፊው። የንስሐ አባታቸውንም ጥሪ። ለታመመና ለደከመ ሰው ጾሙን የሚያቀልሉት እሳቸው ናቸው። ልጅ አሥር ጊዜ «ብላ» ከምትል የንስሐ አባት አንዴ ቢናገሩ ይሰማል።

ሌላው፣ መድኃኒት ይወስዳሉ? ማን ነበር የሚሰጣቸው?

የጉለሌዋ

የግፊትና የስኳር ይወስዳል። የምትሰጠው እናቴ ነበረች። ጠዋት ከሻይ ጋር በትንሽ ሰሃን ታቀርብለት ነበር። ጥያቄሽን እንዳነበብኩ ሄጄ አየሁ። የግፊቱ አምሎዲፒን ሳይነካ ተቀምጧል። የስኳሩ ግሊቤንክላሚድ ግን ሊያልቅ ነው።

ሲስተር ሐ.

ይሄ አያድርም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ ግፊቱም ስኳሩም ይለካ። ግሊቤንክላሚድ ሳይበሉ ከተወሰደ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ያመጣል። ሌሊት ካላባቸውና ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ስኳር ያለበት ሻይ ስጫቸውና ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም እንዳትሰጪ። መድኃኒቱን በራስሽ አትቀያይሪ፤ ሁለቱንም ማሸጊያ ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ።

ለሌሎቻችሁም ልናገር። ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የሌላው መድኃኒት በማን እጅ እንደነበር ጠይቁ። በእኛ ቤት ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የምትሠራው ሚስት ናት፤ ማንም እንደ ሥራ አይቆጥርላትም።

የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ አባትሽ ያሉበት ቦታ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴን ቀብሬያለሁ።

እኛ በዚያ ዘመን ያገባን ወንዶች ከሰው ጋር የምንገናኘው በሚስቶቻችን በኩል ነበር። ቡናው የእሷ ነው። ጎረቤት የሚመጣው እሷ ስለጠራች ነው። ሴቶቹ ሲጫወቱ እኔ ጥግ ተቀምጬ የሰፈሩን ወሬ እሰማለሁ፤ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ መጣ። እሷ ስትሄድ ረከቦቱ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ሴቶቹ ብቻውን ወዳለ ወንድ ቤት መግባት ከበዳቸው። እኔም «ኑ ቡና ጠጡ» ብዬ የመጥራት ልማድ የለኝም። ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ሳይጣላ፣ ቤቱ ተዘጋ።

ከሁሉም የከበደኝ ማኅበሩ ነበር። በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ እንጠጣለን። ተራዬ ሲደርስ ጠላውን የምትጠምቅ፣ ዳቦውን የምትደፋ እሷ ነበረች። ከሞተች በኋላ ተራዬ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ባዶ ቤት ሰው ጠርቼ ምን ላቀርብ ነው? «አርጅቻለሁ፣ አሰናብቱኝ» ለማለት ቆረጥኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ይህን ሲሰማ ቤቴ መጣ። «ዳቦውን የእኔዋ ትደፋለች። ጠላው ከእነ እገሌ ቤት ይመጣል። አንተ ቤትህን ክፈት፤ ስንገባ ተነስተህ ተቀበለን» አለኝ። ያን ዕለት ቤቴ ሰው ሞላ። ከዚያ በኋላ ሰው መምጣቱን አልተወም።

አባትሽ ማኅበር አላቸው? ተራቸው መቼ ነው? ከአሜሪካው በፊት ይህን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሟን ጥሩላቸው። ሰው እኔ ፊት የባለቤቴን ስም መጥራት ፈራ። ወሬው ወደሷ ሲሄድ ይቀየራል። «ተው ይብቃህ» ይሉኛል። ለእኔ ግን ደስ የሚለኝ አንድ ሰው «እሷ እኮ በዚህ ቀን እንዲህ ብላኝ ነበር» ያለኝ ጊዜ ነው። አለቅሳለሁ። ማልቀሴ አይጎዳኝም።

ቁም ነገር

አባታችን ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ልብሱ አክስቶችሽን እደግፋለሁ። ሴት አያቴ የሞተውን ባሏን ካፖርት በር ጀርባ ሰቅላ ለዓመታት በገባች በወጣች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ሐዘን በልክ ካልተያዘ ሰው ይጨርሳል። ልብሱ ለነዳያን ቢሰጥ ለነፍሷም ይሆናል።

ደግሞ 81 ዓመት የሆነ ሰው ሌሊት ብቻውን ማደር የለበትም። ስለ ሐዘኑ ብቻ እያወራችሁ ይህን አትርሱት። መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል?

የደሴዋ

ወንድሜ፣ ሌሊት ብቻቸውን አይደሩ ባልከው እስማማለሁ። ስለ ልብሱ ግን የእናቴን ልንገራችሁ።

አባቴ ሲሞት እናቴ ዒዳዋን ቤቷ ተቀመጠች። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ትቆያለች። በዚያ ጊዜ አታጌጥም፣ አታገባም፣ ያለ ጉዳይ ከቤቷ አትወጣም። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩና ይህን ሳስበው ለሽማግሌ ሴት ይከብዳል ብዬ ነበር። ሳየው ግን ለእናቴ ጥላ ሆነላት። ማንም አላጣደፋትም። «ቤቱን እናፍርስ፣ ወደ ልጆችሽ ሂጂ፣ ዕቃውን እናውጣ» የሚል ሰው ዒዳዋ ሳያልቅ አፉን አልከፈተም። ጎረቤቶቿም ዒዳ ላይ መሆኗን ስለሚያውቁ ከተዕዚያው (ከለቅሶው) ሦስት ቀን በኋላ እንኳ መምጣት አላቆሙም።

ሲያልቅ ሣጥኑን ራሷ ከፈተችው። የአባቴን ልብስ አንድ በአንድ አጣጠፈች። ይሄ ለእገሌ፣ ይሄ ለመስጊዱ ጠባቂ እያለች ለሶደቃ ሰጠች። ሽርጡንና ሙሰበሃውን (መቁጠሪያውን) አስቀረች። እኛ አውጥተን ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ያ ቀን አይኖራትም ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ልብሱ ይቆይ። አባትሽ ራሳቸው «አንሱት» እስኪሉ ወይም እስኪያነሱት ድረስ ይቆይ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ አሜሪካው እኔ ልናገር። አባቴ ሲያርፍ እናቴን ወዲህ አመጣናት። በፍቅር ነው ያመጣናት። ጠዋት እኔና ባለቤቴ ሥራ እንሄዳለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እናቴ አፓርታማ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ትቀራለች። ስልክ ቢደወል አታነሳም፣ በር ቢንኳኳ አትከፍትም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከቤት መውጣትም ቀረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንወስዳት ብቻ ፊቷ ይበራል። ጎንደር እያለች ሐዘኗን የሚያውቅላት ሰፈር ነበራት። እዚህ አባቴን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለሁሉም እንዲህ ነው አልልም። በዚህ አካባቢ የአበሻ አረጋውያን ቀን አብረው የሚውሉባቸው ማዕከላት አሉ። ትራንስፖርት ከቤት ይወስዳቸዋል፣ ምሳ ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። የጓደኛዬ አባት እዚያ መዋል ከጀመሩ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነዋል። ነገር ግን ለዚያ ወረቀትና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው አያገኘውም። እህትሽ ይህን አስቀድማ ታጣራ። ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ አታንቀሳቅሷቸው። ሙት ዓመቷን አገራቸው ላይ፣ መቃብሯ አጠገብ ያውጡ።

ሥነ ልቦና ያጠናሁ

ስለ ሌሊቱ ንግግር አትደንግጪ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ሐኪም በዌልስ ገጠር ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሮ ያገኘውን አሳትሞ ነበር። ግማሽ ገደማ የሚሆኑት የሟቹ መገኘት ይሰማቸው ነበር። አንዳንዶቹ ድምፁን ይሰማሉ፣ አንዳንዶቹ ያዩታል፣ አንዳንዶቹ ያናግሩታል። አብዛኞቹ «አበደ እንባላለን» ብለው ለማንም አልተናገሩም። አብዛኞቹ ደግሞ ያጽናናናል ብለዋል። ሃምሳ ዓመት በየማታው «በሩን ዘጋሽው?» ያለ ሰው ይህን መጠየቅ በአንዴ አይተውም። እውነቱን እስካወቁ ድረስ፣ ማለትም ቀን ላይ «ሞታለች» እስካሉ ድረስ፣ ሕመም አይደለም።

የሚያሳስበው አካላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ሚስት የሞተችባቸውን 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,486 ወንዶች ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሞቱት በዕድሜ እኩያ ከሆኑ ባለትዳሮች ጋር ሲነጻጸሩ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣሉ። የጭማሪው አብዛኛው በልብ በሽታ ነው። ሰዎቻችን «ተከተላት» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አባትሽ አሁን በዚያ ጊዜ ውስጥ ናቸው። ሲስተር ስለ መድኃኒቱ የተናገሩት ለዚህ ነው ከሁሉም የሚቀድመው።

ትዕግሥት ከሐዋሳ

እኛ ቤት የሆነውን ልጨምር፣ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል። አባቴ እንደሚረሳ ያወቅነው እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። እሷ እያለች ሰው ሲመጣ ቀድማ «እገሌ መጣ፣ የእገሌ ልጅ» ትለው ነበር። ገንዘቡን ትቆጥርለታለች። መንገድ ሲሄድ አብራው ትሄዳለች። እኛ ፍቅራቸው ነው ብለን እንደሰት ነበር። ፍቅርም ነበር። ግን የመርሳቱን ነገር ትሸፍንለት ነበር።

አሁን በቀን ውስጥ ደጋግሞ «እናትሽ የት ሄደች?» ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ «አባዬ፣ ሞታለች እኮ» እለው ነበር። ሁልጊዜ እንደ አዲስ መርዶ ነው የሚሰማው። ሐኪሙ እንዲህ እንዳላደርግ መከረኝ። አሁን «ናፈቀችህ?» እለዋለሁ። «አዎ» ይልና ስለሷ ማውራት ይጀምራል። አባትሽ ቀን ላይም ግራ ከተጋቡ፣ ቀኑን ካላወቁ፣ የታወቀ መንገድ ከጠፋባቸው አስመርምሪያቸው።

የእድር ጸሐፊ

በሰፈራችን እድር ይህን ጉዳይ ስብሰባ ላይ አንስተነው ነበር። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ዕቃ ያቀርባል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ቀብር ያስፈጽማል። ከአርባው በኋላ ግን በመተዳደሪያ ደንባችን አንድም መስመር የለም። ሰባ ዓመት ያለፈው አባል የትዳር ጓደኛው ሲሞትበት እስከ ሙት ዓመቱ ሁለት ሰው በየሁለት ሳምንቱ እንዲጠይቀው ወሰንን። ገንዘብ አይጠይቅም። ጠያቂዎቹ የሚመደቡት በቤት ቅርበት ነው። ለአባትሽ እድር ዳኛ ብትነግሪው የሚያስቸግር ነገር አይደለም። አባትሽ ራሳቸው ስንቱን ቀብረዋል፤ ይገባቸዋል።

ሲስተር ሐ.

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው ብለው በውስጥ መስመር የጠየቁኝ ስላሉ እዚህ ልመልስ።

ሐዘን በሽታ አይደለም። ማልቀስ፣ እንቅልፍ መዛባት፣ ምግብ መጥላት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይኖራል። ቀስ በቀስ ግን ደህና ሰዓት፣ ከዚያ ደህና ቀን መምጣት አለበት። ምንም ካልተለወጠ፣ ሰውየው ኑሮውን መቀጠል ካቃተው፣ ይህ «የተራዘመ ሐዘን» ተብሎ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ስድስት ወር ይላል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓመት ብሎ ወስኗል። ነገር ግን ክብደት ከቀነሰ፣ አልጋ ላይ ከዋሉ፣ መድኃኒት እምቢ ካሉ ያን ያህል አትጠብቁ።

የደረት ሕመምን «ሐዘን ነው» ብላችሁ አትለፉት። በድንገተኛ ሐዘን ልብ በእርግጥ ሊደክም እንደሚችል የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ጽፈዋል። በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ነው። ምልክቱ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) አይለይም፤ ሐኪም ቤት ሳይመረመር ማንም አያውቀውም።

ሌላው ከባድ ነገር ነው። «ምነው እኔን በወሰደኝ» በእኛ ባህል የለቅሶ ቃል ነው፤ ሁሉም ይለዋል። ግን ደጋግመው በጸጥታ ካሉት፣ አደራ መስጠት ከጀመሩ፣ ዕቃ ማከፋፈል ከጀመሩ፣ በግልጽ ጠይቋቸው፦ «አባባ፣ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ቤት ውስጥ መድኃኒት በብዛት አታከማቹ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሌላ ቦታም ቅርብ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለው ጠይቁ። «አማኑኤል» ሲባል ማፈር ይብቃን።

ማኅሌት

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። የእኔ ተቃራኒ ነው፤ አባቴ ነው ያረፈው፣ የመንግሥት ጡረተኛ ነበር። እናቴ ስለ ወረቀት ምንም አታውቅም። የጡረታው ነገር እንዴት ይሆናል?

የእድር ጸሐፊ

ማኅሌት፣ ነፍስ ይማር። የሚስት ድርሻ ከሟቹ ጡረታ ግማሹ ነው። ከወረዳ ወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት አውጪ፣ የጋብቻ ማስረጃውን ያዢና ማኅበራዊ ዋስትና ሂጂ። የጋብቻ ወረቀት ከሌላቸው ምን እንደሚተካው እዚያው ይነግሩሻል። አታዘግዪው፣ የይርጋ ጊዜ አለው። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ብሩ በማን ስምና እንዴት እንደሚመጣ ራሳቸው ይወቁ።

የጉለሌዋ

ከገና በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አባቴን አሳክመነዋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ ስኳሩ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ሐኪሙ የስኳሩን መድኃኒት ቀየረው። አሁን ጠዋት ከሻይ ጋር በእናቴ ሰሃን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እኔ ከሌለሁ የወንድሜ ልጅ። ልጁ ከአያቱ ጋር ማደር ጀምሯል፤ ትምህርት ቤቱም ከዚያ ይቀርበዋል። የንስሐ አባቱ መጥተው ብዙ አወሩ። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ሙሉ እንጀራ በላ።

ገና ከበደን። ዶሮውን እህቶቼ ሠሩት። ለእናቴ የምትደርሳት የዶሮዋ ብልት የቷ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፤ ስትወጣ ማንም አልተነፈሰም። የደብረ ብርሃኑ አባታችን ያሉት ትዝ አለኝና ስሟን ጠርቼ «ይቺ የሷ ነበረች» አልኩ። አባቴ አለቀሰ። ከዚያ ስለ መጀመሪያው ገናቸው፣ ቤት ተከራይተው ሽሮ ሜዳ ስለኖሩበት ጊዜ ማውራት ጀመረ። ከልጆቹ አንዳችንም ሰምተነው የማናውቀው ታሪክ ነው።

ቤቱ አይከራይም። ልብሱም ባለበት ነው። እህቴ ለፋሲካ ራሷ ትመጣለች። ሌሊት አሁንም ያናግራታል።

ማኅበር አለው፤ እሱም የሚካኤል ነው። ተራው የካቲት 12 ነው። ለሙሴው ደውዬ ቅዳሜ ቤት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ዳቦውን ጎረቤቶች እንደፋለን ብለዋል። አባቴ ገና አያውቅም።

የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ

ልጄ፣ ተባረኪ። ነገር ግን ሙሴው ከመምጣቱ በፊት ለአባትሽ ንገሪያቸው። ቤቱ የሳቸው ነው፤ ጠሪው እሳቸው ይሁኑ። እምቢ ካሉ አትከራከሪ፤ «እሺ፣ ሙሴው መጥቶ ከራስህ ይስማ» በይ። እሱ ያውቅበታል።

ጠላው ጉለሌ ብርድ ስለሆነ ቶሎ አይደርስም። ጥንስሱን ቀደም አድርጉት።